«የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» ስንል ምን እያልን ነው?

አክስቴ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇን በቀበረች ማግስት፣ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሳለ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሴትየዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። በዚያ ዝናብ ከሩቅ ሰፈር ሁለት ታክሲ ይዛ የመጣች የጽዋ ማኅበርተኛዋ ናት። የጨበጠችውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰችና «አይዞሽ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ስለ ወደደው ነው የወሰደው» አለቻት። አክስቴ ቀና ብላ አየቻት።

«እኔስ አልወደውም ነበር?»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ቆይቶ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሽማግሌ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» አሉ፤ ሰው ሁሉ «አሜን» አለ፤ ጥያቄዋም በዚያው ተዳፈነ።

ይህን ምርቃት ሁላችንም ብለነዋል፣ ተብለነዋልም። ኢዮብ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ሁሉን ዝም ብሎ የቻለ፣ አንዲት የምሬት ቃል ያልወጣችው ሰው ነው። ኀዘንተኛዋም ራሷን ከዚህ ሰው ጋር ታስተያያለች። ውስጧ እየጮኸ ስለ ሆነ እምነቷ የጎደለ ይመስላታል፤ በኀዘኗ ላይ የጥፋተኝነት ስሜት ይጨመርባታል። እኔም ከዚያ ለቅሶ በኋላ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ እስካነበብሁት ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር። ያገኘሁት ኢዮብ ሌላ ሰው ነው። ክርስትና ስለ መከራ የሚለውን ለመረዳት ከእርሱ የተሻለ በር ስለማላውቅ በእርሱ በኩል ልግባ።

ዝም ያላለው ኢዮብ

መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፎች አሉት። አብዛኞቻችን የምናውቀው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች፣ 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 እንስት አህዮች የነበሩት ሰው በአንድ ቀን ሁሉንም ያጣል። መልእክተኛ በመልእክተኛ ላይ ይመጣል፤ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል። የመጨረሻው፣ ልጆቹ በታላቅ ወንድማቸው ቤት ሲበሉና ሲጠጡ ቤቱ ወድቆባቸው መሞታቸውን ይነግረዋል። ኢዮብ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ በምድር ተደፍቶ ሰገደ። «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ፤ የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን» ያለው ያን ጊዜ ነው። በየቀብሩ የምንሰማው ቃል ይህ ነው፤ የምናውቀው ኢዮብም እዚህ ላይ ያበቃል።

ምዕራፍ 3 ላይ ግን አፉን ይከፍትና የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ እስከ ምዕራፍ 31 ድረስ ከወዳጆቹ ጋር እየተቀባበለ ይሟገታል። አፌን አልከለክልም፣ በነፍሴ ምሬት እናገራለሁ ይላል። እግዚአብሔር ዒላማ አድርጎ እንዳቆመው ይናገራል። የት እንዳለ ባውቅ ኖሮ ዙፋኑ ድረስ ሄጄ ክርክሬን በፊቱ ባቀረብሁ ብሎ ይመኛል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የመታገሥ ምሳሌ አድርጎ የጠራው ይህንኑ ሰው ነው።

ታዲያ ትዕግሥቱ የቱ ላይ ነው? ያዕቆብ የተጠቀመበት የግሪክኛ ቃል «ሂፖሞኔ» ነው፤ ከሸክም ሥር ሳይሸሹ ጸንቶ መቆየት ማለት ነው። ኢዮብ ብዙ ይጮኻል፤ ነገር ግን ወደ ማን እንደሚጮኽ ልብ በሉ። ሚስቱ እግዚአብሔርን ሰድበህ ሙት ባለችው ጊዜ ነገሩን ሁሉ ትቶ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ወዳጆቹ ስለ እግዚአብሔር ረጅም ንግግር ያደርጋሉ፤ በዚያ ሁሉ ንግግር መካከል አንድ ጊዜ እንኳ ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው አያናግሩትም። ኢዮብ ግን በየመካከሉ ወዳጆቹን ይተዋቸውና «አንተ» ብሎ በቀጥታ ይናገረዋል። ምሬቱ ሁሉ ከእግዚአብሔር ጋር የተያዘ ንግግር ነው። ለዚህ ነው ትዕግሥት የተባለው።

መዝሙረ ዳዊትም በዚህ ዓይነት ጸሎት የተሞላ ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» የሚለው ሰው እምነት ያጣ ሰው አይደለም፤ የሚሰማው ባይኖር ኖሮ ማንን ይጠይቅ ነበር? ለአክስቴ የንስሓ አባቷ ያደረጉላትን እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ከአርባው በፊት አንድ ቀን ጠዋት መጡ። ስብከት ይጀምራሉ ብለን ስንጠብቅ ጋቢያቸውን ሰብስበው ዱካ ላይ ተቀመጡ፣ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡ፣ መዝሙር 87ን ቀስ ብለው አነበቡላት። (በሌላው አቆጣጠር 88 ነው።) ያ መዝሙር ከአብዛኞቹ የኀዘን መዝሙራት የሚለይበት ነገር አለው። አብዛኞቹ በልቅሶ ጀምረው በምስጋና ወይም በተስፋ ይዘጋሉ፤ ይህኛው ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ በሚል ቃል ያልቃል፣ መጽናኛም አይከተለውም። አንብበው ሲጨርሱ «ይህም ጸሎት ነው ልጄ» አሏትና ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። አክስቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ በላች።

የወዳጆቹ ሒሳብ

ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የኢዮብን መከራ ሰምተው ከየአገራቸው መጡ። ባዩት ጊዜ ጮኸው አለቀሱ፣ ከዚያም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እንደ በረታ አይተዋልና አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም። በመጽሐፉ ውስጥ ከሠሩት ሁሉ መልካሙ ሥራቸው ይህ ነው። ለቅሶ ደርሶ ፍራሽ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥን ለሚያውቅ ሕዝብ ትርጉሙን ማብራራት አያስፈልግም።

ችግሩ አፋቸውን ሲከፍቱ መጣ። ሒሳባቸው ቀላል ነው፦ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፤ ጻድቅ ዳኛ ንጹሕን አይቀጣም፤ ኢዮብ ተቀጥቷል፤ ስለዚህ ኢዮብ በድሏል። ኤልፋዝ በትሕትና ጀመረ፤ ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። በልዳዶስ ቀጠለና ልጆቹን የቀበረውን አባት ልጆችህ የሞቱት በድለው ይሆናል አለው። ሶፋር ደግሞ እንዲያውም ከበደልህ ያነሰ ነው የተቀበልኸው አለ። ኢዮብ በእንቢታው ሲጸና ኤልፋዝ በምዕራፍ 22 ላይ መልሶ ይነሣና ድሮ ያላለውን ይላል፦ የድሆችን ልብስ ገፈሃል፣ ለተጠማ ውኃ ነፍገሃል፣ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰድደሃል። ከዚህ ውስጥ አንዱንም አላየም። ሒሳቡ እንዲወጣ በደል ያስፈልግ ነበርና በደል ፈጠረለት። ሰባት ቀን አብሮት መሬት ላይ የተቀመጠ ወዳጅ ነው በሐሰት የመሰከረበት። መጽሐፉን በማነብበት ጊዜ ሁሉ የምደነግጠው በዚህ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ኤልፋዝ እግዚአብሔርን ለመከላከል ብሎ ነው ይህን ያደረገው።

ይህ ሒሳብ የኛም ነው። «የእጁን አገኘ» እንላለን። «እግዚአብሔር ሲጣላ በትር አይቆርጥም፤ ያደርጋል እንጂ ነገር እንዳይጥም» እንላለን። ልጅ ያልወለደች ሴት፣ የአእምሮ ሕመም የገባበት ቤት፣ ንግዱ የከሰረበት ሰው «ምን አድርገው ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ ይከተላቸዋል። በመጽሐፉ መጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ አልነበረም። ኤልፋዝን እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁምና ቁጣዬ በአንተና በሁለቱ ባልንጀሮችህ ላይ ነድዷል አለው። እየጮኸ የተሟገተው ቅን ተናጋሪ ተባለ፤ እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የነበሩት መሥዋዕት አቅርበው ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ተላኩ።

ክርስቶስም ይህን ሒሳብ በግልጽ አልተቀበለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁት ሁለቱንም አይደለም አለ፤ ከዚያም በምራቁ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባውና ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ ላከው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ደግሞ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱ 18 ሰዎች ያነሣል። በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን? አይደለም፤ ይልቅስ እናንተ ንስሓ ግቡ አላቸው። የሌላው ሞት የሌላውን ኃጢአት መቁጠሪያ እንዳይሆን ከለከለና ጥያቄውን ወደ ጠያቂዎቹ መለሰው።

ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ ጎፋ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ቆፍረው ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነርሱንም ቀበራቸው። ሰው ለማዳን እየቆፈሩ ነው የሞቱት። በነዚህ ሰዎች ላይ የኤልፋዝን ሒሳብ የሚያወራርድ ማን ነው?

እርግጥ መከራን የሚያመጣ ኃጢአት የለም ማለት አይደለም። ጳውሎስ ሰው የዘራውን ያጭዳል ብሏል። ክርስቶስም 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን መፃጉዕ ከፈወሰው በኋላ፣ ከዚህ የባሰ እንዳይደርስብህ ዳግመኛ ኃጢአት አትሥራ ብሎታል። ስሕተቱ ሒሳቡን ከኋላ ወደ ፊት መሥራት ነው። የሰከረ ሾፌር መኪና ይገለብጣል፤ መኪና የተገለበጠበት ሁሉ ግን ሰካራም አይደለም።

ሌላም የሚያስቆጣኝ ነገር አለ፤ በሰው እጅ የመጣውን መከራ ለእግዚአብሔር ማሸከም። መጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ያለ ሰው ብዙ ነበር። ያን ክምር ለዓመታት ያጠራቀመው የሰው እጅ ነው፤ ድሆቹ ከሥሩ ጎጆ የቀለሱት ሌላ መሬት ስላጡ ነው። ነቢያቱ አሞጽና ኢሳይያስ እንዲህ ባለ ጊዜ «ፈቃዱ ነው» ብለው አላለፉም፤ ገዢውንና ባለጸጋውን በስሙ ጠየቁ።

ታዲያ ለምን?

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የምትሰጠው ትምህርት አለ፦ ሰው ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶት ተፈጠረ፣ ወደቀ፣ ሞትና ሕመም ወደ ዓለም ገቡ፣ ጠላትም አለ። ይህ ዓለም በጠቅላላው ለምን እንደሚያቃስት ይናገራል። የአክስቴ ልጅ በዚያ ማክሰኞ ለምን እንደ ሞተ ግን አይናገርም፤ እንዲናገር ማስገደድም ወደ ኤልፋዝ መንገድ ይመልሰናል።

እግዚአብሔር ለኢዮብ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲመልስለት ምክንያቱን አልነገረውም። ምድርን ስመሠርት የት ነበርህ አለው፤ የበረዶውን መዝገብ፣ የዋልያዋን መውለጃ ወራት፣ የሚጮኹትን የቁራ ጫጩቶች እያነሣ ጠየቀው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በሰማይ የሆነውን፣ የሰይጣንን ክስ፣ እኛ አንባቢዎቹ እናውቃለን፤ ኢዮብ እስከ ሞተበት ቀን አልሰማም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ ቀድሞ ስላንተ በጆሮ ሰምቼ ነበር፣ አሁን ግን ዓይኔ አየችህ አለ። የለመነውም ከጥንቱ ይህንኑ ነበር፤ ፊት ለፊት መገናኘት።

ባዶውን ቦታ ለመሙላት የምንቸኩልባቸው ሁለት ጥቅሶች ስላሉ ለእነርሱ ጥቂት ልቁም። አንደኛው «እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይሰጥም» የሚለው ነው፤ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 የተወሰደ። በአማርኛችን «ፈተና» የተማሪው ወረቀትም፣ ወደ ኃጢአት የሚስብ ነገርም፣ መከራም ነው፤ ስለዚህ እንምታታለን። ጳውሎስ በዚያ ምዕራፍ የሚናገረው እስራኤልን በበረሃ ስለ ጣላቸው የጣዖትና የዝሙት ፈተና ነው፤ መውጫ አለው ይላል። ስለ መከራ ሲናገር ግን ይኸው ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ መጀመሪያ፣ በእስያ የደረሰብን ከዓቅማችን በላይ ስለ ነበረ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጠን ነበር ብሎ ጽፏል። ሐዋርያው «አልቻልሁም» ካለ አንዲት እናት ብትል ምን ነውር አለው?

ሁለተኛው «ሁሉ ለበጎ ነው» ነው። ሮሜ 8፥28 ነገሩ ራሱ በጎ ነው አይልም። በዚያው ምዕራፍ ፍጥረት በምጥ ይቃትታል፣ እኛም እንቃትታለን፣ መንፈስ ቅዱስም በማይነገር መቃተት ይማልድልናል። ክፉው ክፉ ነው፤ ጳውሎስ የሚለው እግዚአብሔር በእርሱም ውስጥ ይሠራል ነው፤ በጎ ያለውንም በቀጣዩ ቁጥር ይፈታዋል፣ የልጁን መልክ መምሰል ብሎ። ይህን ሰው ስለ ራሱ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ኋላ ተመልክቶ ቢመሰክር ያምርበታል። በሠልስት ዕለት ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ድንጋይ ነው።

ስለ ጸሎትና ስለ ሕመምም እንዲሁ። ጠበል ስትጠመቅ የከረመችውን፣ ጸሎት የተደረገለትን በሽተኛ «እምነትህ ስላነሰ ነው ያልዳንኸው» ማለት የሚቀናን ብዙዎች ነን። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወገደለትም፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። የጳውሎስ እምነት አነሰ ይሆን? ከጎኑም ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ ነበረ። መድኃኒቱን የሚውጥ ክርስቲያን ጸሎቱን አልካደም።

የስቅለት ለቅሶ

አክስቴ ከልጇ ሞት በኋላ ለወራት ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። እስከ ደጀ ሰላሙ ሄዳ ትመለስ ነበር። በዚያ ዓመት ዓርብ ስቅለት ጠዋት ግን ጥቁር ልብሷን እንደ ለበሰች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ አየኋትና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኋት። «ዛሬ የእመቤታችን ለቅሶ ነው። የእኔን ለቅሶ ስንቱ ደረሰ፤ እኔም ልድረስ እንጂ» አለችኝ።

ከዚህ የተሻለ የነገረ መለኮት ትምህርት ሰምቼ አላውቅም። ክርስትና ለመከራ ያለው ዋና መልስ እዚህ ነው፤ እግዚአብሔር ራሱ ኀዘንተኛ ወዳለበት ቤት ገባ ይላል። ኢየሱስ ወደ አልዓዛር ቤት የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። ማርታም ማርያምም አንተ እዚህ ብትኖር ወንድማችን ባልሞተ ነበር ብለው ወቀሱት፤ አንዷንም አልገሠጻቸውም። ሊያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። በመስቀል ላይም ከዳዊት መዝሙር ወስዶ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ?» አለ። ከእንግዲህ «ለምን?» ብሎ የሚጮኽ ሰው እርሱ በጮኸው ቃል ነው የሚጮኸው።

ሰሙነ ሕማማትም ይህን በሰውነታችን ያስተምረናል። ያን ሳምንት አንሳሳምም፣ እጅ አንጨባበጥም። በሳምንቱ ፍትሐት ስለማይደረግ በዚያ መካከል ለሚሞቱት ሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረግላቸዋል። ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ «ኪርያላይሶን» እየተባለ ይሰገዳል፤ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ የምንጣፉ ሽታና የሰው ላብ ከዕጣኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ማምሻውን ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባን መታ መታ ያደርጋሉ። ማንም ትንሣኤ እንደሚመጣ አይጠፋውም፤ ሆኖም ዓርብን ዘልሎ ወደ እሑድ የሚሮጥ የለም። ለኀዘንተኛ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ እንኳ አንሰጥም፤ ገና በሦስተኛው ቀን «በቃሽ አታልቅሺ» እንላለን።

ትንሣኤውም ቁስሉን አላጠፋውም። በዳግም ትንሣኤ የሚነበበው ወንጌል፣ ክርስቶስ ለቶማስ የተወጉትን እጆቹንና ጎኑን ሲያሳየው ነው። በኢዮብ መጽሐፍ መጨረሻም ይህን የሚመስል ነገር አለ። በጎቹ 14,000፣ ግመሎቹ 6,000፣ ጥማድ በሬዎቹና እንስት አህዮቹ ሺህ ሺህ ሆኑ፤ ሁሉም እጥፍ። ልጆቹ ግን እንደ ፊተኛው ሰባትና ሦስት ናቸው። አንዳንድ ተርጓሚዎች የፊተኞቹ አሥሩ በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ስለ ሆኑ ቁጥሩ በእነርሱ እጥፍ ሆኗል ይላሉ፤ እኔም ይህን ማመን ደስ ይለኛል። ሞቶ የተተካ ልጅ እንደሌለ አክስቴ ታውቃለች።

ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፋት አንዲት ቁጥርም አለች፤ 42፥11። እግዚአብሔር ከተናገረ፣ ወዳጆቹም ከታረቁ በኋላ፣ የኢዮብ ወንድሞችና እኅቶች ቀድሞ ያውቁት ከነበሩት ሁሉ ጋር መጡ። በምዕራፍ 19 ላይ ርቀውኛል ብሎ ያለቀሰባቸው ሰዎች ናቸው። በቤቱ ከእርሱ ጋር እንጀራ በሉ፣ ስለ ደረሰበት ክፉ ነገር ሁሉ አጽናኑት፣ እያንዳንዳቸውም ገንዘብና የወርቅ ቀለበት ሰጡት። ምን እንዳሉት አልተጻፈም።